በድንጋይ ከሰል የደረቀ ቡና

ይህን የምጽፍበት ምክንያት አንድ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሚዛን አጠገብ ባለችው አማን ውስጥ በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ ስለ ድንጋይ ከሰል ሊያስረዳ ከላይ የመጣ ሰው፣ «ከዚህ ቀደም በአካባቢው የተካሄደው ፍለጋ በማንም ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሰውየው የሚዋሽ አልመሰለኝም። የተጻፈለትን ነበር የሚያነበው፤ በተጻፈለት ውስጥ ደግሞ የእናቴ ወንድም አልነበረም። ለመናገር እጄን ባወጣም ዕድል አልደረሰኝም። ቢደርሰኝም ለአንድ ተናጋሪ በተፈቀደው ጊዜ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የጠፋው ምን እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደጠፋ፣ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

የአጎቴ መሬት ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪና ወርዶ ጥቂት በእግር ከተሄደ በኋላ በሚገኝ ተዳፋት ላይ ነበር። ከላይ ቤቱ፣ ከቤቱ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በታች ቡናው፣ ከቡናው በታች ምንጩ። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነበር፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ እንዲሁም ቀና ብለው ጫፋቸውን ሲፈልጉ አንገት የሚያሳምሙ ቀረሮዎች። በዛፎቹ ላይ ቀፎ ይሰቀል ነበር። በእኛ አካባቢ ዛፉ የአንዱ፣ ቀፎው የሌላው ሊሆን ይችላል። ባለ ቀፎው መጥቶ ንቡን ሳያወርድ ግን ማንም፣ ባለ መሬቱም ቢሆን፣ በዚያ ዛፍ ላይ መጥረቢያ አያሳርፍም። ይህ ሕግ የተጻፈበትን ወረቀት አላየሁም። ኩባንያው እስኪመጣ ድረስ ሲጣስም አላየሁም።

ጥቁሩ ድንጋይ መኖሩ አዲስ ነገር አልነበረም። በክረምት ምንጩ አጠገብ ናዳ ሲወርድ ብቅ ይል ነበር፤ እኛም በልጅነታችን ግድግዳ ላይ ሥዕል እንሥልበት ነበር። አዲሱ ነገር ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ይህን ድንጋይ ፍለጋ መኪና መምጣቱ ነው። የኩባንያውን ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ ዛሬ በሌላ ስም ሌላ ነገር ይሠራል። ከመኪናው የወረደው መሐንዲስ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ትሕትና የተማረ፣ ንግግሩ የተሳካ ሰው ነበር። ሰዉን በአጎቴ ግቢ ሰበሰበና፣ በቆርቆሮ ላይ አስቀድሞ ያቀጣጠለውን ከሰል አቀረበ። እኔ ስደርስ ከሰሉ ቀልቶ ነበር።

«አባባ፣ እጅዎን እዚህ ላይ ያድርጉ» አለው አጎቴን።

አጎቴ እጁን ዘረጋና ወዲያው ሰበሰበ።

«ጭስ ያያሉ?»

«አላይም።»

«እንጨት ቢሆን እስካሁን ዓይንዎን ያስለቅስዎት ነበር። ይሄ ንጹሕ እሳት ነው። ነገ እዚህ ታች ማመንጫ ይቆማል፣ መብራት ይመጣል፣ ቡናዎን በማሽን ያደርቁታል። ዝናቡ እንደፈለገው ይዝነብ።»

«ዝናቡማ አንተን አያስፈቅድም» አለች የአጎቴ ሚስት በሩን ተደግፋ። «ማሽኑ የሚመጣው ዘንድሮ ነው ወይስ ልጆቼ ከሸመገሉ በኋላ?»

ሰዉ ሳቀ፤ መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ። «ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሁለቱን ዓመት እዚሁ ከእኛ ጋር ተቀመጥና ዝናቡን ቅመሰው።»

መሐንዲሱ ይህን ያወቀው ከማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን የአጎቴን ደካማ ጎን በትክክል መትቶ ነበር። በሌላው አገር ቡና በፀሐይ ይለቀማል፣ በፀሐይ ይደርቃል። በእኛ በኩል ግን ዝናቡ ለቀማውን ጠብቆ የሚመጣ ይመስላል። የተለቀመው ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ይዘንባል፣ ይሸፈናል፣ ይታፈናል፣ ይሻግታል። አጎቴ ዕድሜውን በሙሉ የታገለው ከዚህ ሻጋታ ጋር ነው። ስለዚህ ከቡና መሬቱ የታችኛውን ግማሽ እንዲለቅ ሲጠየቅ እሺ ያለው በሞኝነት አልነበረም። የላይኛው ግማሽ ይቀርለታል፤ የቀረውም ከእንግዲህ አይሻግትም። በአጎቴ ቤተ ክርስቲያን ልማድም ለአዲሱ ሥራ ጸሎት ተደረገ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጉድጓዱ በሚቆፈርበት ቦታ ቆመው ምድሪቱን ሲባርኩ፣ ከኋላቸው አንድ የኩባንያው ሠራተኛ የብስኩት ላስቲክ እየቀደደ ምንጩ ውስጥ ይጥል ነበር።

ዛፎቹ የተቆረጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። ቀፎዎቹን ለማውረድ ሰው አልተጠራም። የመጀመሪያው ዋንዛ ሲወድቅ ንቡ ተነሣ፤ ሠራተኞቹ ሸሹና ናፍጣ ይዘው ተመለሱ። እኔ የደረስኩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ማሩ፣ ሰፈፉ፣ ነጫጭ ትሎቹ፣ የታነቀው ንብ፣ ሁሉም ከናፍጣና ከጭቃ ጋር ተለውሶ እንደ ትውከት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። በላዩ ላይ በቦት ጫማ ይመላለሱበታል። እስከ ዛሬ ድረስ የናፍጣ ሽታ ሲሸተኝ ከአፌ ውስጥ የጣፈጠ ነገር ይመጣብኛል፤ ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል።

የቀፎዎቹ ባለቤት የአጎቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ የሸኮ ሽማግሌ ነበሩ። መጥተው የወደቀውን እየዞሩ አዩት። የሠራተኞቹ አለቃ፣ «አባባ፣ ካሳ ይመዘገብልዎታል» አላቸው። እርሳቸው ወደ እርሱ አልዞሩም፤ አጎቴን ነበር የሚያዩት።

«ዛፉስ ያንተ ነው» አሉት። «ንቡ የማን ነበር?»

 ሽማግሌው ከዚያ ቀን በኋላ የአጎቴን ደጅ አልረገጡም፤ ለለቅሶም፣ ለሠርግም።

ቁፋሮው አንድ በጋና የክረምቱን መግቢያ ያዘ። የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ ከጉድጓዱ ራስ ላይ እየተከመረ እንደ አዲስ ኮረብታ ከፍ አለ። ምንጩ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ በመጨረሻም በላዩ ላይ እንደ ዝገት ያለ ቢጫ ዝቃጭ ዘረጋ። ሽታው የገማ እንቁላል ሽታ ነበር። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ማዶ ይሻገሩ ጀመር። የኩባንያው ሰዎች ግን የታሸገ ውሃ በካርቶን ያስመጡ ነበር፤ ባዶውን ጠርሙስ ለልጆች ሲሰጡ ውለታ የዋሉ ይመስላቸው ነበር። የተቆረጠው እንጨት ደግሞ አንድ ቀን በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ የጠየቀ ሁሉ የተለያየ መልስ አገኘ።

በዚያው ዓመት እኔ ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ስለ ድንጋይ ከሰል ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ታየኝ፤ ከሰል ከመሬት ስለተገኘ ብቻ አይወጣም። በውስጡ ያለው አመድ፣ የያዘው እርጥበት፣ መንገዱ፣ የወደቡ ዋጋ፣ አበዳሪው፣ ከአጠገቡ ያለው ወንዝ፣ እነዚህ ሁሉ ይወስኑበታል። ይህን በልቤ ይዤ ሳለሁ፣ ለዕረፍት ስመለስ ሚዛን ውስጥ መሐንዲሱን አንድ ሻይ ቤት አገኘሁት። ዕቃቸውን እየጫኑ ነበር።

«ሥራው ለጊዜው ቆሟል» አለኝ ለመቀመጫ ቦታ እየለቀቀልኝ።

«ለምን?»

«ከሰሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን አመዱ ብዙ ነው፤ እርጥብም ነው። አንድ መኪና ስትጭን ግማሹ አፈር ነው። መንገዱን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ፤ ክረምት ሲገባ ናዳው ይዘጋዋል።»

«ማመንጫውስ?»

ሻዩን አማሰለ። «ለማመንጫ ማን ያበድራል? ፈረንጆቹ ከሰል ሲባሉ ፊታቸውን ማዞር ጀምረዋል። መንግሥት ደግሞ ኦሞ ላይ ግድብ እያሠራ ነው። ውሃ ራሱ እየወረደ ተርባይን ሲያዞርለት፣ እርጥብ ድንጋይ ቆፍሮ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ ማንደድ ምን ይፈይድለታል?»

«ይህን ያወቃችሁት መቼ ነው?»

«ስለ ማመንጫው ከሆነ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። የእኛ ሰዎች ተስፋ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ እነሱ ይገዙናል ተብሎ ነበር። ከውጭ የሚገባው ሲረክስ ነገሩ ፈረሰ።»

«ለአጎቴ ግን ማመንጫ ይቆማል አልከው።»

«ወንድሜ፣ ለገበሬ ስለ ሲሚንቶ ምድጃ ብታወራለት ምን ይገባዋል? መብራት ስትለው ይገባዋል።» ፈገግ ብሎ የእኔንም ሻይ ሂሳብ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ላከ። ከልክዬው የራሴን ከፈልኩ። የተቆጣ ሰው ቢሆን፣ ወይም ያፈረ፣ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። እርሱ ግን ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ሰው ያህል ነበር የተረጋጋው። ያ እርጋታ ከምንጩ ዝቃጭ ይበልጥ ቀፈፈኝ።

«ጉድጓዱስ?» አልኩት ስነሣ።

«ይደፈናል» አለ።

አልተደፈነም።

አጎቴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ በታችኛው ግማሽ ከጉድጓዱ ዳርና ዳር ችግኝ ይተክላል፣ ጥላም ያበቅላል። ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ቤቱን የሚያኖረው የላይኛው ግማሽ ቡና ነው። የዚያ ዓመት ምርት ከተበላሸ መሬቱን ይዞ መቆየት እንደማይችል እርሱም ያውቅ ነበር፣ ሚስቱም ታውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ማታ ከእራት በፊት ሲጸልይ ሌላውን ሁሉ ትቶ የሚለምነው ፀሐይ ነበር።

ለቀማው ደረሰ፤ ዝናቡም ደረሰ። ድሮ እንዲህ ሲሆን አንድ ዘዴ ነበራቸው። ከአልጋው ሥር ቦይ ይቆፍራሉ፣ ደረቅ እንጨት ውጭ ያነዳሉ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር በቦዩ ውስጥ ይበትኑታል፣ ከላይ ላስቲክ ይወጥራሉ። የፍም ሙቀት ቡናውን ያደርቃል፤ ጭስ ስለሌለው ጣዕሙን አይነካም። ቅርንጫፍ የሚለቅሙት ከጥላ ዛፎቹ ሥር ነበር። አሁን ግን የታችኞቹ ዛፎች የሉም፤ ከላይ የተገኘውም እንጨት ውሃ የጠጣ ነው።

ደረቁና የሚነደው ነገር አንድ ብቻ ነበር። የከሰሉ ክምር በራሱ እሳት ይዞ ነበር። ማንም አልለኮሰውም፤ ይህ ከሰል ተከምሮ ሲቀመጥ ከውስጥ እየጋለ እንደሚነድ አንብቤአለሁ። ዝናብ እየወረደበት ከጎኑ ይጤሳል፣ በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ይታያል፣ በዙሪያው ያለው ሣር ሁሉ ገርጥቶ ሞቷል። ለእኔ በዝናብ ውስጥ የሚበሰብስና የሚተነፍስ በድን ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ያየው ሌላ ነገር ነው። ዝናብ የማያጠፋው እሳት አየ።

ቅዳሜ ከቴፒ ስደርስ ሥራው ተጋምሷል። አጎቴ በአካፋ ከሰሉን እያወጣ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ያቀላዋል፤ ጭሱ ሲያልቅ ተሸክሞ ወደ ቦዩ ይወስደዋል።

«ጋሼ፣ ይሸታል እኮ» አልኩት።

«የሚሸተው ውጭ ያለው ነው። ጭስ ያለውን መቼ ወደ ቦዩ አስገባሁት? ፍም እስኪሆን እጠብቃለሁ። እንጨቱንስ ስናደርግ የኖርነው እንዲህ አይደለም?»

«እንጨትና ድንጋይ አንድ ናቸው?»

«መሐንዲሱ እኮ እጄን አስዘርግቶ አሳይቶኛል። ጭስ አለው አልክ? ና እይ።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጭስ አልነበረውም።

«የእኔ አፍንጫ ግን ምሕንድስና አልተማረም» አለች ሚስቱ ቡናውን በእጇ እያገላበጠች። «ይገማኛል።»

«አንቺን የማይገማሽ ምን አለ? ባለፈው ሳምንት የእኔ ካፖርት ገማኝ ብለሽ ዝናብ ላይ ሰቀልሽው።»

«ገምቶ ነበራ። ከዝናቡም በኋላ አልተሻለውም።»

አጎቴ ሳቀ። ለረጅም ጊዜ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ቡናውም አማረ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በአልጋው ላይ አንድም የሻገተ ፍሬ አልነበረም። ስንዘግነው በእጃችን ውስጥ ይንኳኳ ነበር። አጎቴ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ፣ «እይ» አለኝ፤ «እንደ ባሌ አገር ፀሐይ ነው ያደረቀው።» ባሌን አይቶ አያውቅም።

ቡናው ከመሸጡ በፊት ተቀምሶ ደረጃ ወደሚወጣለት ቦታ አብሬው ሄድኩ። ቡና ቀማሹ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ የማይቸኩል ሰው ነበር። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በየብርጭቆው ፍል ውሃ ተደረገበት። ቀማሹ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ቆመ። ደግሞ አሸተተ። በማንኪያ ሳበና ወዲያው በመትፊያ ዕቃው ውስጥ ተፋው። አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀመሰ፤ ያንንም ተፋው። ባልደረባውን ጠራ፤ እርሱም ቀምሶ ተፋ፣ ከንፈሩንም በመሐረብ ጠረገ።

«አባቴ፣ ይሄን ቡና ምን ነካው?» አለ ቀማሹ።

«ምንም አልነካውም» አለ አጎቴ። «ዘንድሮ ዝናብ እንኳ አልነካውም።»

«የክብሪት ጣዕም አለው። የተቃጠለ ጎማም አለው። በምንድን ነው ያደረቃችሁት?»

አጎቴ ነገረው። ቀማሹ አልሳቀበትም፤ ይህን ለእርሱ መልካምነት እጽፍለታለሁ። ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ከሰሉ ውስጥ ድኝ እንዳለ፣ ጭሱ ለዓይን ሳይታይ ሽታው ከሙቀቱ ጋር እንደሚወጣ፣ ቡና ደግሞ በአጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ ቀስ ብሎ አስረዳው። «ይሄ በማጠብ አይወጣም፣ በመቁላትም አይወጣም» አለው። «ከሌላ ቡና ጋር ብትቀላቅሉት ሌላውንም ይዞ ይጠፋል።»

አጎቴ፣ «ልቅመሰው» አለ።

ማንኪያውን ሰጡት። ሞላና ወደ አፉ አደረገ። ፊቱ ሲጨማደድ፣ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁ። ቀማሹ የሚተፋበትን ዕቃ አቀረበለት። አጎቴ ዕቃውን በእጁ ገፋ አድርጎ ዋጠው።

በመንገድ ዳር ለአገር ውስጥ ገበያ የሚገዙ ነጋዴዎችም ጆንያውን ፈተው ካሸተቱ በኋላ መልሰው አሰሩት። አንዱ፣ «ምን ዓይነት ሬሳ ነው ያመጣችሁት?» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁለት። አጎቴ ጆንያዎቹን ወደ ቤት መለሳቸውና ወደ ጉድጓዱ ገለበጣቸው። ቡናው በጥቁሩ ውሃ ላይ ለሳምንታት ተንሳፈፈ፣ አበጠ፣ ከዚያ ነጭ ፀጉር አበቀለ። ያን ሁሉ ዘመን የታገለው ሻጋታ በመጨረሻ እዚያ አገኘው።

በሚቀጥለው በጋ መሬቱን ለሌላ ሰው ለቆ ከቤተሰቡ ጋር ቴፒ ወረደ። እዚያ ካለው ሰፊ የቡና እርሻ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየና የሰው ቡና ለቃሚ ሆነ። ከትምህርት ስወጣ እየሄድኩ አየው ነበር። ቡና ሲቀርብለት ሲኒውን ያነሣል፣ ያሸታል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሚስቱ መጀመሪያ ትቀልድበት ነበር፤ በኋላ መቅዳቱን ተወች። አንድ ጊዜ ስለ መሐንዲሱ ልነግረው፣ ማመንጫው እንደማይቆም ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ላስረዳው ሞከርኩ።

«ተወው» አለኝ። «እሱስ እሳቱን አሳየኝ። ያላሳየኝ ሽታውን ነው።»

አሁን ደግሞ ከሰሉ ተመልሶ ይፈለጋል። በአማኑ ስብሰባ እንደተነገረን የውጭ ምንዛሬ አጥሯል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ከባሕር ማዶ የሚገዙትን ከሰል በአገር ውስጥ እንዲተኩ ይጠበቃል። ስለ ማመንጫ በዚህኛው ጊዜ የተናገረ የለም። አመዱ አልቀነሰም፣ እርጥበቱ አልደረቀም፣ ናዳው መንገዱን መዝጋቱን አልተወም። የተለወጠው የዶላሩ ነገር ብቻ ነው። ዶላሩ ሲገኝ ደግሞ እንደገና ዕቃቸውን ጭነው እንደሚሄዱ አልጠራጠርም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ንጹሕ ከሰል» የሚለውን ቃል ሲናገር ምራቄ መረረኝ፤ የቀረበልኝን ለስላሳ መጠጥ ሳልነካው ወጣሁ።

ከስብሰባው ማግስት ወደ ተዳፋቱ ሄድኩ። አዲሱ ባለ ይዞታ ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነው፤ ውሃው በላዩ ላይ የቅባት ቀለማት ዘርግቶ ቆሟል፤ ክምሩ አሁንም በአንድ ጎኑ ይሞቃል። ወደ ታች ወርጄ ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሌላውን የጠፋ ነገር ሁሉ ከአጎቴና ከሚስቱ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ዋንዛ፣ አራት።
ቀረሮ፣ ሁለት።
ብሳናና ሰሳ፣ አሥራ አንድ።
ቀፎ ከነንቡ፣ ሰባት።
እግር ቡና፣ ከታች ስድስት መቶ አርባ፤ ለባሕር ዛፉ ሲባል ከላይ የተነቀለው፣ አምስት መቶ ሰባ።
የደረቀ ቡና፣ ዘጠኝ ጆንያ።
ምንጭ፣ አንድ።
ጎረቤት፣ አንድ።
ቤት፣ አንድ።